የአክሊሉ ለማ እንዶድ እና የመድኃኒት መብታችን

ከእንጦጦ ተራራ ወርዶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል የሚያልፈውን የቀበና ወንዝ ዛሬ የሚያይ ሰው፣ በዚህ ውኃ ጋቢና ነጠላ ይታጠብ ነበር ቢሉት ማመን ይቸግረዋል። እኔ ግን በልጅነቴ እናቴንና የሰፈራችንን ሴቶች ተከትዬ ወርጃለሁ። ከአጥር ላይ ተለቅሞ የደረቀው የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ ይወሰዳል፤ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፤ ጋቢው በእግር ተረግጦ፣ ታጥቦና ተጨምቆ ሣር ላይ ሲሰጣ ንጣቱ ዓይን ይወጋል። ሳሙና ገንዘብ ይጠይቃል፣ እንዶድ ግን የአጥር ነው። እኛ ልጆች የምንጠነቀቀው አረፋው ዓይናችን እንዳይገባ ብቻ ነበር። በዚያ አረፋ ውስጥ ትልቅ የሳይንስና የሕግ ጉዳይ መኖሩን የተረዳሁት፣ የሕግ ትምህርቴን ከጨረስኩ ከዓመታት በኋላ፣ የዶ/ር አክሊሉ ለማን የሕይወት ታሪክ ሳነብ ነው።

ስለ መድኃኒት ፓተንት በተነሳ ቁጥር የእኛ የሕግ ባለሙያዎች ክርክር በአብዛኛው አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። ፓተንት ለባለቤቱ ለተወሰኑ ዓመታት ብቸኛ የማምረትና የመሸጥ መብት ይሰጣል፤ በዚህም የመድኃኒቱ ዋጋ ይሰቀላል፤ ድሃው መግዛት አቅቶት ይሞታል። መፍትሔውም የግዴታ ፈቃድ ነው እንላለን። የግዴታ ፈቃድ ማለት የፓተንቱ ባለቤት ባይስማማም፣ ተገቢ ክፍያ እንዲያገኝ ተደርጎ፣ መንግሥት ሌላ አምራች መድኃኒቱን እንዲሠራ የሚፈቅድበት ሥርዓት ነው። ክርክሩ ትክክል ነው፤ እኔም ለዓመታት ስከራከርበት ኖሬአለሁ። የዶ/ር አክሊሉ ሕይወት ግን ክርክሬ ግማሽ እንደነበር አሳይቶኛል። አንድ ሕይወት አዳኝ ግኝት ምንም ፓተንት ሳይከለክለው፣ የማንም ፈቃድ ሳያስፈልገው፣ ለሕዝቡ ሳይደርስ ሊቀር ይችላልና።

አክሊሉ ለማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በመጀመሪያ በዊስኮንሲን ግዛት ተማሩ፤ ቀጥሎም ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በዚያ ዘመን እንደነበሩት ብዙዎቹ የአገር ልጆች ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ወዲያው ተመለሱ። የመጀመሪያ ሥራቸውም ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ በአገሪቱ የት የት እንደተሠራጨ ማጥናት ሆነ።

ቢልሃርዝያ የድሃ ሰው በሽታ ነው። የጥገኛ ትሉ ዕንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ወንዝ የሚሻገረውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ የሚዋኘውን ሕፃን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በወቅቱ ዓለም የተያያዘው አንዱ መንገድም ቀንድ አውጣን በኬሚካል መግደል ሲሆን፣ ኬሚካሉ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር።

ወጣቱ ዶክተር እ.ኤ.አ. በ1964 ለዚሁ ጥናት አድዋ ወረዱ። ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተሩ አንድ ነገር ልብ አሉ፤ ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ውኃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይንሳፈፋሉ፤ በሌላው ሥፍራ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ጨመረች፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ከእርሳቸው በፊት ያንን ወንዝ ያየ የተማረ ሰው ጥቂት አልነበረም። የተማረ ዓይን ያላቸውና የእናቶቻቸውን ሥራ የማይንቁ እርሳቸው ግን ቆመው ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የላብራቶሪ ሥራ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው ለአሥር ዓመት ያህል መሩት። ዛሬ ያ ኢንስቲትዩት በስማቸው ይጠራል። በእንዶድ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር በተደረገ ሥራ ተለይቶ ሲወጣ ለማቶክሲን ተባለ፤ የአባታቸው ስም በኬሚስትሪ መዝገብ ገባ። የሥራ ባልደረባቸው ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ሥፍራዎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያወዳደሩ፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ኃይለኛውን ዓይነት 44 መረጡ።

ሙከራው በብልቃጥ አልቀረም። እዚያው አድዋ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ወንዞቹ በእንዶድ ተረጩ። በከተማው ከነዋሪው 63 በመቶ ያህሉን ይዞ የነበረው ቢልሃርዝያ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። በትናንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ሕፃናቱ በሽታውን አዲስ የሚይዙ በመሆናቸው፣ የመተላለፊያው ሰንሰለት መበጠሱን የሚያሳየው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ወጪው የፍሬ ለቀማና የወቀጣ ጉልበት ነበር፤ እርሱም እዚያው ሕዝቡ ዘንድ ይገኛል።

ውድ አንባቢያን፣ እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ጊዜ ለአገሮች ይመክር የነበረው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚያመርተውን ባይሉሳይድ የተባለ ኬሚካል ነው። እንዶድ በዚያ ዝርዝር እንዲገባ ዶ/ር አክሊሉ ለዓመታት ወተወቱ። የተሰጣቸው መልስ ማስረጃው በቂ አይደለም የሚል ነበር። በዓለም አቀፍ ደረጃ ዕውቅና ባላቸው ላብራቶሪዎች፣ በታወቀው የአሠራር ሥርዓት መሠረት፣ የመርዛማነት ምርመራው እንደገና ይደረግ ተባለ። ለሰውና ለከብት በሚጠጣ ውኃ ላይ የሚረጭ ነገር መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ይህን አልክድም። ችግሩ ምርመራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑና የሚከፍል አለመገኘቱ ነው። ባየር ለኬሚካሉ ያወጣውን ገንዘብ ሽያጩ ይመልስለታል፤ ከአጥር ላይ ለሚለቀም ፍሬ ግን ማን ኩባንያ ያወጣል? ከዚህም በላይ ዶ/ር አክሊሉን ያሳዘናቸው ከአፍሪካ ላብራቶሪ የወጣ ቁጥር በመሆኑ ብቻ ሥራቸው በጥርጣሬ መታየቱ ነበር። የሚፈለገው ምርመራ የካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ሰጥቶበት ሲካሄድ፣ ከአድዋው ወንዝ ሃያ ዓመት የሚሆን ጊዜ አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ እንደ ሕግ ተማሪ ቆም ብዬ እጠይቃለሁ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ዶ/ር አክሊሉን የከለከላቸው የትኛው ሕግ ነው? መልሱ ምንም የሚል ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1987 ዓ.ም. ድረስ የፓተንት ሕግ ጨርሶ አልነበራትም። በአገራችን ውስጥ እንዶድን ለመልቀም፣ ለመውቀጥ፣ ለመርጨትም ሆነ በፋብሪካ ለማዘጋጀት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም ነበር። በሩ ክፍት ነበር፤ የጠፋው በበሩ ይዞ የሚገባ ነው።

በዚያው በሽታ ላይ ሌላ አገር ያደረገውን ብናወዳድር ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በ1970ዎቹ ባየርና መርክ የተባሉት የጀርመን ኩባንያዎች ፕራዚኳንቴል የተባለውን የቢልሃርዝያ መድኃኒት አወጡ። በአንድ ጊዜ ተውጦ ትሉን የሚገድል ግሩም መድኃኒት ሲሆን፣ ዋጋው ግን በሽታው ላለባቸው አገሮች የሚቀመስ አልነበረም። የደቡብ ኮሪያ የፓተንት ሕግ በዚያን ጊዜ ይጠብቅ የነበረው የመድኃኒቱን አሠራር እንጂ መድኃኒቱን ራሱን አይደለም። ሺን ፑንግ የተባለ የኮሪያ ኩባንያ ከአገሩ የሳይንስ ተቋም ጋር ሆኖ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሌላ አሠራር ፈለሰፈ፤ ያንኑ መድኃኒት በሌላ መንገድ ሠራ፤ በኋላም የዓለም ዋጋ ወረደ። ሕጉ ቀዳዳ ሰጠ፣ ኬሚስቶቹ ደግሞ በቀዳዳው አለፉ። እኛ ዘንድ ቀዳዳው ሳይሆን ግድግዳው ራሱ አልነበረም፤ ሰውም ነበረን። ያጣነው ሰውየውን የሚደግፍ በጀት፣ ቁጥሩን የሚያስከብር ላብራቶሪና ምርቱን የሚረከብ ፋብሪካ ነው።

ዶ/ር አክሊሉ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ጉዳይ፣ በኋላም ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጉዳይ ማዕከል በኃላፊነት ሠሩ። እንዶድን ግን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1989 እርሳቸውና ዶ/ር ለገሠ፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ዓለም ሽልማቱን ሰጠ፤ ወንዞቻችን ግን እንደነበሩ ቆዩ።

ፓተንት የሚባለው ነገር በሕይወታቸው ውስጥ ጎልቶ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ነበር። በዚያ አካባቢ ያሉትን ታላላቅ ሐይቆች ከጥቂት ዓመት በፊት ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል ፍጥረት ወርሮ፣ የውኃና የኃይል ማመንጫ ቧንቧዎችን እየደፈነ ነበር። ቀንድ አውጣን የሚገድል እንዶድ ይህንንስ? ተሞከረ፤ ገደለ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1993 የአሜሪካ የፓተንት ቢሮ ፓተንት ሰጠ። በፈጣሪነት የተመዘገቡት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ አክሊሉ ለማ አንዱ ናቸው። የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ሆነ።

በአገራችን ብዙ ጊዜ እንዶዳችን ተሰረቀ ተብሎ ተጽፏል። የሕግ ሰው ነገሩን በልኩ መናገር አለበት። ፓተንቱ የጠየቀው ተክሉን ሳይሆን በተክሉ ዜብራ መስልን የመግደያ ዘዴውን ነው። የቀበናዋም ሆነች የአድዋዋ እናት ጋቢዋን በእንዶድ በማጠቧ የማንንም መብት አልጣሰችም፤ ፓተንት ከተሰጠበት አገር ድንበር አያልፍምና። ጊዜውም ካለቀ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ጉድለቱ እውነተኛ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው የአሜሪካ ሕግ አንድ ፈጠራ አዲስ መሆን አለመሆኑን ሲመዝን፣ በውጭ አገር በቃልና በተግባር ብቻ ያለ ዕውቀትን አይቆጥርም ነበር፤ የሚቆጥረው የታተመውን ወይም ፓተንት የተሰጠበትን ነው። ትውልድ ከትውልድ ሲቀባበሉት የኖሩት የሴቶቹ ዕውቀት በሕጉ ዓይን እንደሌለ ነበር ማለት ነው። ከትርፉም የሚያካፍላቸው አንቀጽ አልነበረም። አገሮች በብዝሀ ሕይወታቸው ላይ ያላቸውን ሉዓላዊ መብትና ጥቅም የመጋራትን መርሕ የደነገገው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው በዲሴምበር 1993፣ ፓተንቱ ከተሰጠ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1997 አረፉ። ያገኙትን ለመካድም ሆነ ለመደበቅ አልሞከሩም፤ ግኝቱ ከወንዝ ዳር ሴቶች መምጣቱን በየሄዱበት ተናግረዋል። ያልተሳካላቸው እንዶድን በአገራቸው በስፋት ሥራ ላይ ውሎ ማየት ነው።

እርሳቸው ባረፉባቸው ዓመታት አገራችን በሌላ ደዌ ተይዛ ነበር፤ በኤች አይ ቪ። እኔን ወደ እንጦጦ የመለሰኝም ይኸው ነው። በሕግ ፋኩልቲ አብሮኝ የተማረ አንድ ወዳጄ በ1995 ዓ.ም. ታምሞ እንጦጦ ማርያም ጸበል ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ይዤለት በሽሮ ሜዳ በኩል እወጣ ነበር። እዚያ ተራራ ላይ በየጎጆው ተከራይተው የተኙት በሺሕ የሚቆጠሩ ሕሙማን ነበሩ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በዚያን ጊዜ በክፍያ መሰጠት ጀምሯል፤ ወዳጄ ግን ደመወዙ ከቆመ ሰንብቷል። በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምዕመናን አስታወቁ። ብዙዎች ከተራራው በእግራቸው ወረዱ። ወዳጄ ከእነርሱ ጋር ለመሆን የቀረው አንድ ዓመት ያህል ነበር።

ያን ጊዜ በንዴት የጻፍኩት ሁሉ በፓተንት ላይ ነበር። ንዴቴ መሠረት አለው። በምዕራቡ ዓለም በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረውን የሦስት መድኃኒት ቅንብር፣ ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 በ350 ዶላር አቀረበ። ይህን ያስቻለው ህንድ በ1970 ባወጣችው ሕግ መድኃኒቱን ራሱን ከፓተንት ውጪ ማድረጓ ነው፤ ልክ እንደ ኮሪያ። በዚያው ዓመት በዶሃ የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት እያንዳንዱ አገር የግዴታ ፈቃድ የመስጠት መብት እንዳለው አረጋገጡ። ይሁን እንጂ ፋብሪካ የሌለው አገር ፈቃዱን ምን ያደርገዋል? ለዚህ ተብሎ በተዘረጋው ልዩ ሥርዓት የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ሩዋንዳ ናት፤ በ2007 አመልክታ ከካናዳ መድኃኒቱ የደረሳት በ2008 ነው። በሕንድና በኮሪያ ሕጉም ባለሙያውም ስለነበሩ መድኃኒቱ ተሠራ። በኢትዮጵያ የወዳጄን መድኃኒት የሚከለክል ፓተንት አልነበረም። የሚሠራውም አልነበረም።

ዛሬ የሕግ ወረቀቱ አለን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 የግዴታ ፈቃድን ደንግጓል፤ ሰውን የማከሚያ ዘዴዎችንም ከፓተንት ውጪ አድርጓል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ በማኅበረሰብ ዕውቀት ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅንና ጥቅም መጋራትን ያዛል፤ ይህን የሚያስፈጽመው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከእንጦጦ ሥር እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ሕገ መንግሥቱ መንግሥት ለጤና በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበልነው ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ቃል ኪዳንም ማንኛውም ሰው ሊደርስበት የሚችለውን የላቀ የጤና ደረጃ መብት ያደርገዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ከጠየቀች ወዲህ በተካሄደው ድርድር ላይም የሕግ ሰዎቻችን ስለ መድኃኒት ጠንቅቀው መከራከራቸው ግዴታ ነው። በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች በመድኃኒት ፓተንት ላይ የተሰጠው እፎይታ እስከ 2033 የተራዘመ በመሆኑ፣ በአንድ ፊርማ ሊተው የሚገባ አይደለም።

የእኔ ክርክር ግን ከዚህ ያልፋል። የመድኃኒት መብት በፍርድ ቤት ብቻ አይከበርም። የግዴታ ፈቃድ የሚሰጥ መንግሥት፣ ፈቃዱን ተቀብሎ የሚሠራ ባለሙያና የባለሙያውን ቁጥር ዓለም የሚቀበለው ላብራቶሪ አብሮ ማቆም አለበት። የምርምር በጀት በምክር ቤት ሲጸድቅ እኛ የሕግ ባለሙያዎች እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ማየታችን ስህተት ነው፤ የጤና መብት አንቀጽ ተፈጻሚ የሚሆነው ወይም የሚቀረው እዚያ ነውና። ሌላ አክሊሉ በየትኛው ወንዝ ዳር ቆሞ እንዳለ አናውቅም። ቁጥሩን ይዞ ሲመጣ ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎ ሃያ ዓመት እንዳይጠብቅ ማድረግ ግን በእጃችን ነው።

ባለፈው ሰሞን ወደ እንጦጦ ስወጣ አንድ አሮጌ አጥር ላይ እንዶድ ተጠምጥሞ አየሁ። ፍሬው ለለቀማ ደርሷል፤ የሚለቅመው ግን አልነበረም። የቤቱን ባለቤት ጠይቄ እፍኝ ያህል ወሰድኩና ለልጆቼ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ስሙን አያውቁትም ነበር። የአክሊሉ ለማንም ስም እንደዚያው።

ቸር እንሰንብት።